ጭኮና ዝንጅብል፦ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆየው የበዓል ምግብ ምስጢር

መግቢያ

በአገራችን የበዓል ማዕድ ላይ ከሚቀርቡት ምግቦች አብዛኞቹ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ካልተበሉ የሚበላሹ ናቸው። ወጡ ይሻግታል፣ ገንፎው ይኮመጥጣል፣ እንጀራውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻጋታ ይወርሰዋል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ባሕርይ ያለው አንድ ምግብ ግን አለ። እርሱም በአማርኛ ጭኮ፣ በአፋን ኦሮሞ ጩኮ እየተባለ የሚጠራው፣ ከተቆላ የገብስ ዱቄትና በቅመም ከተነጠረ ቅቤ የሚዘጋጀው ምግብ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ተከትለው በሚገኙት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በግንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉት ገብስ አብቃይ ደጋማ ቦታዎች፣ ጭኮ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለአራስ ጥየቃና ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆን የክብር ምግብ ነው። በወጉ የተሠራ ጭኮ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ከዚያው ገብስና ከዚያው ቅቤ የተሠራ ገንፎ ግን ሁለት ቀን እንኳ በደኅና አይዘልቅም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጥያቄው የጓዳ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጭኮን በአዲስ መልክ ለማዘጋጀት ሲባል ጥሬ ዝንጅብል፣ ወተት ወይም አይብ መጨመር ጥሩ ሐሳብ ሊመስል ይችላል። የምግቡን ምስጢር ለማያውቅ ሰው ግን አንድ እፍኝ የተከተከተ ጥሬ ዝንጅብል ለወራት ይቆይ የነበረውን ምግብ በቀናት ውስጥ የሚበላሽ፣ አልፎም የበሽታ ምንጭ ሊሆን የሚችል ምግብ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የጭኮን ምስጢር ከገብሱ፣ ከቅቤውና ከዝንጅብሉ አንጻር በየተራ እንመለከታለን። በመጨረሻም አሠራሩንና ተማሪዎች በቀላሉ ሊያከናውኑት የሚችሉትን አንድ ሙከራ እናቀርባለን።

የባሕር ማዶው ዘመድ

ጭኮ በዓለም ላይ ብቸኛ አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በገና ሰሞን ከሚዘጋጁት ጣፋጮች መካከል ትራፍል የሚባለው ይገኝበታል። ስሙን ያገኘው ከመሬት በታች ከሚበቅል ድቡልቡል የእንጉዳይ ዓይነት ነው። ከትራፍል ዓይነቶች አንዱ የሚሠራው በዝንጅብል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ የተጋገረ ብስኩት ደቅቆ ከለስላሳ የክሬም አይብ ጋር ከተለወሰ በኋላ እየተድቦለቦለ በቸኮላት በመሸፈን ነው።

የሁለቱ አሠራር በጣም ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ አስቀድሞ በእሳት የበሰለ የእህል ዱቄት አለ። ዱቄቱን የሚያያይዝ ስብ አለ። ስቡ ውስጥ የሚሟሟ ቅመም አለ። በሁለቱም ዘንድ ምግቡ ከተለወሰ በኋላ ዳግመኛ እሳት አያይም። ይሁን እንጂ ትራፍሉ በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ ቶሎ ይበላሻል፤ ጭኮው ግን በመደርደሪያ ላይ ይከርማል። የልዩነቱ ምክንያት የክሬም አይብ ከግማሽ በላይ ውኃ መሆኑ ነው። ጭኮ ውስጥ የሚገባው ንጥር ቅቤ ግን ውኃ የለውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ የጭኮ ምስጢር በአጭሩ ሲነገር የውኃ አለመኖር ነው።

ነጻ ውኃ ምንድን ነው?

ባክቴሪያ፣ እርሾና ሻጋታ እንደማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ለመኖርና ለመራባት ውኃ ይሻሉ። ነገር ግን በአንድ ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ ለእነርሱ አይጠቅማቸውም። ከስኳር፣ ከጨው፣ ከፕሮቲን ወይም ከስታርች ጋር አጥብቆ የተሳሰረው ውኃ በአቅራቢያቸው ቢኖርም አይደርሱበትም። ለረቂቅ ተሕዋስያን የሚጠቅማቸው ነጻ የሆነው ውኃ ነው።

ይህን ነጻ ውኃ ለመለካት ሳይንቲስቶች የምግቡን የውኃ ተን ግፊት በዚያው ሙቀት ካለው የንጹሕ ውኃ ተን ግፊት ጋር ያነጻጽራሉ። ውጤቱ ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይገለጻል። የንጹሕ ውኃ ልክ 1 ነው። አውስትራሊያዊው የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪ ደብልዩ. ጄ. ስኮት እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ሥራ የባክቴሪያ እድገት ከዚህ ልክ ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ይህ መለኪያ በምግብ ሳይንስ ዋነኛ መሣሪያ ሆኗል።

አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ልኩ ከ0.91 በታች ሲሆን መራባት ያቆማሉ። ድርቀትን በመቋቋም የታወቀው ስታፊሎኮከስ ኦውረስ የተባለው ባክቴሪያ እስከ 0.86 አካባቢ ይታገሣል። አብዛኞቹ ሻጋታዎች ከ0.80 በታች አይበቅሉም። ከ0.60 በታች በሆነ ምግብ ላይ የሚራባ ረቂቅ ተሕዋስ እስካሁን አይታወቅም። ትኩስ ሥጋ፣ ወተትና ገንፎ ልካቸው ከ0.95 በላይ ነው። በደንብ ተቆልቶ ወዲያው የተፈጨ የገብስ ዱቄት ግን ከ0.60 እጅግ ዝቅ ይላል። ከንጥር ቅቤ ጋር ሲታሽም ይህ ባሕርዩ አይለወጥም፤ ምክንያቱም ቅቤው የሚያመጣው ውኃ የለም። ይልቁንም ስቡ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ሸፍኖ ከአየር እርጥበት ይከላከለዋል።

የገብሱ ድርሻ

ኢትዮጵያ በገብስ ዓይነቶች ብዛት በዓለም ከታወቁት አገሮች አንዷ ናት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ጎብኝቶ የገብሷ ዓይነት ብዛት አስደንቆታል። ኢትዮጵያዊው የሥነ ዕፅዋት ተመራማሪ ዘመደ አስፋው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በማዕከላዊው ደጋ የሚኖሩ ገበሬዎች ገብስን እንዴት እንደሚለዩና ለምን ለምን እንደሚጠቀሙበት መዝግበዋል። ገበሬዎቻችን ለቆሎና ለበሶ የሚመርጡት ገለባው በቀላሉ የሚለቀውን፣ ሰነፍ ገብስ ወይም ሰነፍ ቆሎ እየተባለ የሚጠራውን ነው። ለጭኮም የሚስማማው ይኸው ዓይነት ነው።

ገብሱ ተለቅሞ፣ ጥቂት እርጥበት አግኝቶ ይፈተጋል፤ ከነፈሰ በኋላም በምጣድ ይቆላል። በምጣዱ ላይ ሦስት ነገሮች ይከናወናሉ። የመጀመሪያው ውኃው መትነኑ ነው። በጎተራ ያለ ደረቅ ገብስ እንኳ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ ከቁላቱ በኋላ ግን ጥቂት ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው የኢንዛይሞች መክሰም ነው። ገብስ ውስጥ ስብን የሚሰባብርና ከኦክሲጅን ጋር የሚያገናኝ ሊፔዝና ሊፖክሲጅኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ጥሬ ዱቄት በቅቤ ቢለወስ እነዚህ ኢንዛይሞች ቅቤውን ቶሎ ያበላሹት ነበር። ሙቀቱ ግን ቅርጻቸውን ስለሚያፈርሰው ከሥራ ውጭ ይሆናሉ።

ሦስተኛው የመዓዛና የቀለም መፈጠር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪምና ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 እንደገለጸው፣ አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች በሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ቀለምና በመቶ የሚቆጠሩ መዓዛ ያላቸው ውሁዶች ይፈጠራሉ። የቆሎ፣ የቡናና የዳቦ ቅርፊት ሽታ ከዚህ የኬሚካል ለውጥ የሚመነጭ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቁላቱ ከልክ ማለፍ እንደሌለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች ያላቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጠበሱ ወይም ሲጋገሩ አክሪላማይድ የሚባል፣ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ካንሰር ማስከተሉ የታወቀ ንጥረ ነገር እንደሚፈጠር አስታውቀዋል። መጠኑ ምግቡ እየጠቆረ ሲሄድ ስለሚጨምር፣ ገብሱ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን ከእሳት ማውረድ ለጣዕሙም ለጤናውም ይበጃል።

ከዚሁ ዱቄት በሶም ጭኮም ይሠራል። በሶ በውኃ ሲበጠበጥ ወይም ሲታሽ የገብሱ ቤታ ግሉካን የተባለው አሰር ውኃ መጥጦ ያብጥና ልዝብ፣ የሚሳሳብ ይሆናል። በጭኮ ውስጥ ግን ውኃ ስለሌለ አሰሩ አያብጥም። ጭኮ በአፍ ውስጥ ፍርፍር የሚለው ስለዚህ ነው። በሶ ውኃ ከነካው በዕለቱ መጠጣት ወይም መበላት እንዳለበት፣ ጭኮ ግን እንደሚከርም ወላጆቻችን በልምድ ያውቁታል። የሁለቱ ዱቄት አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ዱቄቱ የተለወሰበት ነገር ነው።

የቅቤው ድርሻ

ለጋ ቅቤ ሙሉ በሙሉ ስብ አይደለም። ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ስብ፣ ከ16 በመቶ በላይ የሚሆነው ውኃ፣ ቀሪው የወተት ፕሮቲንና ስኳር ነው። ከእርጎ በክላት ተንጦ በእጅ የሚወጣው የቤት ቅቤ እንደ አጨማመቁ ከዚህ የበዛ ውኃ ሊይዝ ይችላል። ማንጠር ማለት እንግዲህ ይህን ውኃ ማትነንና የወተቱን ዝቃጭ መለየት ነው።

ቅቤው በምን ያህል ሙቀት እንደሚነጠር ከተነሣ፣ የአካባቢው ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ወደ ላይ ስንወጣ የአየር ግፊቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የመፍሊያ ነጥቡ 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጀልዱና በጅባት ደጋዎች ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው።

ቅቤው በእሳት ላይ ሳለ በውስጡ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከዚህ ነጥብ ብዙ አያልፍም። የእሳቱ ኃይል ሁሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል። የምንሰማው የመንጣጣት ድምፅም ከስቡ ሥር ያሉት የውኃ ጠብታዎች ወደ እንፋሎት ሲለወጡ የሚያሰሙት ነው። ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይጠፋል፣ አረፋው ይከስማል፣ ቅቤው ጠርቶ ሥሩ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል። እናቶቻችን «ቅቤው ጸጥ ሲል ይወጣል» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ቴርሞሜትር በሌለበት ጓዳ የጆሮ ምስክርነት የውኃውን ማለቅ በትክክል ይነግራል። ድምፁ ሳይቆም የወረደ ቅቤ ውኃ አለው፤ በእርሱ የተለወሰ ጭኮም ብዙ አይቆይም።

የቅቤ ስብ ሌላም ጠባይ አለው። የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን ይህ ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። በአምቦ ቀዝቃዛ አየር ጭኮው ጠጥሮ ቅርጹን ይይዛል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ይቀልጣል። የቸኮላት ትራፍል ምላስ ላይ የሚሟሟውም የካካዎ ቅቤ በተመሳሳይ ሙቀት ስለሚቀልጥ ነው። በጾም ወቅት ቅቤው በዘይት ሲተካ ይህ ጠባይ ይጠፋል። በተለይ የኑግ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ በተባለው ያልተሟላ የስብ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ ፈሳሽ ሆኖ ከመቅረቱም በላይ ከኦክሲጅን ጋር ቶሎ ይዋሐዳል። በዘይት የተለወሰ ዱቄት በአጭር ጊዜ ውስጥ ቢበላ ይመረጣል።

የዝንጅብሉ ድርሻ

ዝንጅብል በአገራችን በስፋት የሚመረተው በደቡብና በደቡብ ምዕራብ፣ በወላይታ፣ በከምባታ፣ በሐዲያና በዳውሮ አካባቢዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ራልስቶኒያ ሶላናሲረም የሚባል ባክቴሪያ የሚያስከትለው የአጠውላጊ በሽታ ማሳዎቹን ክፉኛ አጥቅቷቸው እንደነበር ይታወሳል። ይህ በሽታ ተክሉን እንጂ ሰውን አያጠቃም። የሚበላው የተክሉ ክፍል ሥር ቢመስልም በሥነ ዕፅዋት ቋንቋ በአፈር ውስጥ የሚያድግ ግንድ ነው።

ትኩስ ዝንጅብል ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። የማቃጠል ባሕርዩን የሚሰጠው ጂንጀሮል የተባለ ውሁድ ነው። የዋነኛው ጂንጀሮል ሞለኪዩል 17 የካርቦን፣ 26 የሃይድሮጂንና 4 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። ዝንጅብሉ ሲደርቅ ወይም ሲሞቅ ከዚህ ሞለኪዩል 2 ሃይድሮጂንና 1 ኦክሲጅን፣ ማለትም አንድ የውኃ ሞለኪዩል ይለያል። ቀሪው ሾጋኦል ይባላል፤ ስያሜውም ሾጋ ከሚለው የጃፓንኛ የዝንጅብል መጠሪያ የመጣ ነው። ሾጋኦል ከጂንጀሮል ይልቅ በእጥፍ ያህል ያቃጥላል። ደረቅ ዝንጅብል ከትኩሱ የበለጠ የሚፋጀው በዚህ ምክንያት ነው። በምግብ ማብሰል ጊዜ ደግሞ ጂንጀሮል ተሰብሮ ዚንጀሮን የሚባል፣ ለስለስ ያለና ጣፋጭ መዓዛ ያለው ውሁድ ይሰጣል። የዝንጅብል ብስኩትና የበሰለ ዝንጅብል ሽታ ከዚህ ይመነጫል።

እነዚህ ውሁዶች ሁሉ ከውኃ ይልቅ በስብ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ። ስለዚህ ቅቤ የዝንጅብልን፣ የኮረሪማንና የኮሰረትን መዓዛ የሚይዝ መልካም ማኅደር ነው። በተጨማሪም የዝንጅብል ውሁዶች ፊኖል የሚባለው ቡድን ስላላቸው ስብ ከኦክሲጅን ጋር በሚያደርገው ተከታታይ የኬሚካል ለውጥ መካከል ገብተው ሰንሰለቱን ይበጥሱታል። ቅቤው እንዳይሻግት በመጠኑ ይረዳሉ ማለት ነው። የኮረሪማ ዋነኛ የመዓዛ ዘይት ሲኒዮል፣ የኮሰረት ደግሞ ሊናሎል ሲሆን ሁለቱም በቀላሉ የሚተኑ ናቸው። ኮረሪማ ቅቤው ሊወጣ ሲል መጨመሩ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር እንዳይሄድ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። በ1 ኪሎ ግራም የተዘጋጀ ጭኮ ላይ 40 ግራም የተከተከተ ትኩስ ዝንጅብል ብንጨምር 32 ግራም ያህል ውኃ አስገባን ማለት ነው። ይህ በአማካይ ሲታይ 3 በመቶ ብቻ ነውና ችግር የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ረቂቅ ተሕዋስያን በአማካይ ቁጥር አይኖሩም። ውኃና ስብ ስለማይዋሐዱ ውኃው በእያንዳንዱ የዝንጅብል ክታፊ ውስጥና ዙሪያ ተከማችቶ ይቆያል፤ በስብ ወደ ተሸፈነው ዱቄት የሚሰራጨውም በዝግታ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ነጻ ውኃው ወደ 1 የተጠጋ ነው። ለባክቴሪያና ለሻጋታ ይህ ሰፊ መኖሪያ ነው። በአንጻሩ 9 ግራም የደረቀ የዝንጅብል ዱቄት የሚያስገባው ውኃ 1 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ጣዕሙ ግን የሚተናነስ አይደለም። እንግዲህ ትኩስ ዝንጅብል ቦታው ከእሳት በፊት፣ በሚነጠረው ቅቤ ውስጥ ነው። ከእሳት በኋላ የሚጨመረው ደረቁ ብቻ መሆን አለበት።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ የሚኖር ሲሆን ዘሩ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ላይ ሊገኝ ይችላል። አየር በሌለበት፣ አሲድ በሌለበትና ውኃ ባለበት ቦታ ካደገ ነርቭን የሚያሽመደምድ ብርቱ መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ በዘይት ተዘፍዝፎ ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ ነጭ ሽንኩርት የበሉ ከ30 በላይ ሰዎች በዚህ መርዝ ታመዋል። ዘይቱ አየርን ከልክሎ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ውኃውን አቅርቦ ለባክቴሪያው ምቹ ሁኔታ ፈጥረዋል። የባክቴሪያው ዘር በተራ ፍላት አይሞትም። ስለዚህ መፍትሔው ውኃውን ማጥፋትና ቅቤው ውስጥ የበሰለውን የዝንጅብልና የሽንኩርት ክታፊ ሁሉ አጥልሎ ማውጣት ነው። በወንፊት ያልጠለለ ንጥር ቅቤ ለጭኮ አይሆንም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ድርቀት ተሕዋስያንን ከመራባት ያግዳቸዋል እንጂ የግድ አይገድላቸውም የሚለው ነው። ሳልሞኔላ በደረቅና በስብ በበለጸገ ምግብ ውስጥ ለወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2007 በአሜሪካ በኦቾሎኒ ቅቤ አማካይነት የተዛመተው በሽታ ለዚህ ምስክር ነው። ጥሬ ዱቄትም ቢሆን ከጀርም የጸዳ አይደለም። ገብሱ በቁላቱ ቢጸዳም፣ ከቁላት በኋላ የሚነካው እጅ፣ ወፍጮና ዕቃ ንጹሕና ደረቅ ካልሆነ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። እጅ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት።

ሦስተኛው፣ ቁላት ሁሉን ነገር አያስተካክልም። በእርጥብ ቦታ ተከማችቶ የሻገተ ገብስ ወይም ቅመም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ይህ መርዝ በተለመደው የማብሰያ ሙቀት በቀላሉ አይጠፋም። የሻገተውን መልቀምና መጣል እንጂ ቆልቶ መብላት መፍትሔ አይሆንም።

አሠራሩ

ከዚህ በላይ ያየናቸውን መርሖች መሠረት በማድረግ 40 ያህል ድቡልቡል ጭኮ የሚወጣውን መጠን እናቀርባለን።

የሚያስፈልጉት ነገሮች፦ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ የተዘጋጀ የገብስ ዱቄት 500 ግራም፤ ለጋ ቅቤ 400 ግራም፤ ትኩስ ዝንጅብል 30 ግራም፤ የደረቀ የዝንጅብል ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ፤ የኮረሪማ ፍሬ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ፤ ጥቂት ደረቅ ኮሰረት፤ ለቀለም ጥቂት እርድ፤ በጣም የላመ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ናቸው። ጣፋጭ ለሚወድ የላመ ስኳር መጨመር ይቻላል።

አንደኛ፣ ትኩሱ ዝንጅብል ታጥቦ፣ ተልጦና ተከትክቶ ከቅቤው፣ ከእርዱና ከኮሰረቱ ጋር በዝግተኛ እሳት ይጣዳል። ሁለተኛ፣ ድምፁ እስኪቆምና ቅቤው እስኪጠራ ድረስ ሳይቸኩሉ ይጠበቃል። ሊወርድ ሲል ኮረሪማው ይገባል። ሦስተኛ፣ ከእሳት ወርዶ ጥቂት ከረጋ በኋላ በንጹሕና ደረቅ ወንፊት ይጠለላል። ከ400 ግራም ለጋ ቅቤ 300 ግራም ያህል ንጥር ይገኛል። አራተኛ፣ ዱቄቱ፣ ደረቁ ዝንጅብልና ጨው በደረቁ ይደባለቃሉ። ጨውና ስኳር በስብ ውስጥ ስለማይሟሟ በጣም ካልላሙ ጥርስ ላይ ይንጫጫሉ። አምስተኛ፣ ለብ ያለው ቅቤ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ይታሻል። ሊጡ በመዳፍ ሲጨበጥ ከተያያዘና ሲጫኑት ቅቤ ካላንጠፈጠፈ በቂ ነው። ስድስተኛ፣ በ20 ግራም ልክ እየተቆነጠረ ይድቦለቦላል፤ በቀዝቃዛ ቦታም ይረጋል። በመጨረሻም ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ከብርሃን ርቆ ይቀመጣል። ከዕቃው የሚወጣውም በደረቅ ማንኪያ ነው።

አንድ ድቡልቡል ጭኮ ከ110 ኪሎ ካሎሪ በላይ ኃይል ይሰጣል። ለመንገደኛና ለአራስ የተመረጠው ያለ ምክንያት አለመሆኑን ይህ ያሳያል። ሆኖም ከዚህ ኃይል ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከቅቤ ስብ ስለሆነ በበዓል ቀንም ቢሆን በልክ መብላት ይገባል።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

ይህን ሁሉ በዓይን ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ሁለት ቀላል ነገሮችን ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ፣ ቅቤው ከመነጠሩ በፊትና ከተነጠረ በኋላ ከነድስቱ በሚዛን ይመዘን፤ ሲጣድም ቅመም ወይም ትኩስ ዝንጅብል አይግባበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የተነነው ውኃ ነው። ከተለያዩ ገበያዎች የተገዙ ቅቤዎችን በዚህ መንገድ ብናነጻጽር ገንዘባችንን ለቅቤ ወይስ ለውኃ እንደከፈልን እንረዳለን።

ቀጥሎም ሦስት ንጹሕ ብልቃጦች ይዘጋጁ። በመጀመሪያው ደረቅ ዝንጅብል ያለበት ጭኮ፣ በሁለተኛው ጥሬ ዝንጅብል የተጨመረበት ጭኮ፣ በሦስተኛው ጥቂት ውኃ ጠብ የተደረገበት ጭኮ ይቀመጥና ሁሉም ይከደኑ። ለሦስት ሳምንታት በየቀኑ ቀለማቸውና የሻጋታ መኖር አለመኖር በማስታወሻ ይመዝገብ። ሻጋታው በየትኛው ብልቃጥና በየትኛው ቦታ እንደጀመረ ማስተዋል ይገባል። ከሙከራው የተረፈው ምግብ ግን ፈጽሞ አይቀመስም፤ ብልቃጡም ሳይከፈት ይጣላል።

መደምደሚያ

ጭኮን የፈጠሩት ሰዎች ስለ ነጻ ውኃ መለኪያ፣ ስለ ጂንጀሮል ወይም ስለ ሊፖክሲጅኔዝ አልሰሙም። ገብሱን መቁላት፣ ቅቤውን ጸጥ እስኪል መጠበቅ፣ ቅመሙን ማድረቅና እጅን ማድረቅ ግን ሳይማሩት ደርሰውበታል። እነዚህ አራት ሥራዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ግባቸው አንድ ነው፤ እርሱም ውኃን ከምግቡ ማራቅ ነው።

ልማዳዊ ምግብ ሊለወጥ አይገባም ማለታችን አይደለም። ጭኮ በዝንጅብል ቢጣፍጥ፣ ቢድቦለቦል፣ በቸኮላት ቢሸፈን፣ ተመርቶም ለገበያ ቢቀርብ እሰየው ነው። ቸኮላትም እንደ ጭኮ ውኃ አልባ ስለሆነ መቆየቱን አይጎዳውም። መለወጥ የሌለበት ግን የአሠራሩ መሠረት ነው። የወጎቻችንን «እንዴት» ከእናቶቻችን እንደተቀበልን ሁሉ «ለምን» የሚለውን ደግሞ ከሳይንስ ብንማር፣ የቱን መለወጥ እንደምንችልና የቱን መጠበቅ እንዳለብን ለይተን እናውቃለን። በሚመጣው በዓል ጭኮ የምታዘጋጁ ወጣት አንባቢያን ሆይ፣ ምጣዱ ላይ ያለውን ቅቤ በጆሯችሁ አድምጡት፤ ጸጥ ሲል ብቻ አውርዱት።